ከአፈር ሥር የተላጠው ዛፍ

ስሙን ትተን ሁላችንም «ውሃ ልክ» ነበር የምንለው። አናጢ ነው። የሰው አጥር እንኳ ትንሽ ካዘመመ ውሃ ልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሳይለካ አያልፍም። የመንደራችንን ዛፍ የገደለው እንዲህ ያለው ሰው ነው። ከመነሻው ልንገራችሁ፤ ማድበስበስ አልወድም።

ዛፉ በሕግ የተጠበቀ ነበር። ግንዱ ላይ ቁጥር ያለው ቆርቆሮ ተመቶበታል፤ ቅርንጫፉን የነካ ይቀጣል። ነገር ግን በራሱ የደረቀ ዛፍ ይቆረጣል፣ እንጨቱም ለቆራጩ ይሰጣል ይላል ሕጉ። ሕግ ማክበር ላይ እንቅልፋሞች ነን፤ ቀዳዳውን ፍለጋ ላይ ግን ማን ይችለናል!

ውሃ ልክን ሌባ አትበሉት። ያንገበገበው የበሩ ነገር ነው። ደህና እንጨት ከጠፋ ወዲህ በርጥብ ጣውላ የሠራቸው በሮች ሁሉ ጎበጡ። ደንበኞቹም «በርህ ዛሬም አፉን ከፍቶ አደረ» እያሉ ያሾፉበት ነበር። አንድ ማለዳ የዛፉን ሥር ቆፈረ፤ ቅርፊቱን ዙሪያውን በመሮ ላጠው፤ በራሱ የደረቀ እንዲመስል አፈሩን መልሶ ደለደለና ወደ ሥራ ቤቱ ገባ።

ከዛፉ ጥላ ሥር ልብስ እያጠበች የምትተዳደር ሴት ነበረች። ሳፋዋ እዚያ፣ ገመዷ እዚያ። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ከደን ቢሮ ሠራተኛ መጣ።

«እናቴ፣ የሳሙናውን ውሃ የት ነው የሚደፉት?»

«የት እደፋዋለሁ ልጄ? እዚሁ ነዋ።»

በቃ፣ ፍርዱ አለቀ! ከቦታው ተባረረች። ሰዉም «ዛፍ ገዳይዋ» እያለ ልብሱን ወደ ሌላ መንደር መላክ ጀመረ። እሷ ደግሞ አመነች! በየቀኑ ንጹሕ ውሃ እየቀዳች ሥሩን ማጠጣት ያዘች። ውሃ ልክ በሩ ላይ ሆኖ ያያታል። አንድ ቀን አላስችል ብሎት ባልዲውን ሊቀበላት ተነሣ።

«ተወው ወንድሜ፤ ያጠፋሁት እኔ፣ የምሸከመውም እኔ» አለችው።

ተመልሶ መላጊያውን ያዘ። የምበግነው እዚህ ላይ ነው። አንተ ሰውዬ፣ አፍ የለህም?

ዛፉ ደረቀ። ትልቅ መጋዝ ያለው እሱ ብቻ ነውና እሱኑ ጠሩት።

«ከጉልበት ከፍ አድርጌ ልቁረጠው፤ ጉቶው መቀመጫ ይሆናል» አለ።

«አይሆንም ጋሼ» አለ የደን ሠራተኛው። «ችግኝ የሚተከለው እዚያው ነው። ጉቶው ከነሥሩ ይውጣ።»

ግንዱን ጥሎ፣ መንደሩ ተሰብስቦ እያየው መቆፈር ጀመረ። ዶማው እጁ ላይ ከበደ። አፈሩ ሲነሣ የተላጠው ቦታ ታየ፤ ዙሪያውን፣ አንዲት ጣት ሳይዛነፍ፣ ቀጥ ብሎ። እንዲህ ልክክ አድርጎ የሚልጥ እጅ መንደራችን ውስጥ አንድ ብቻ ነው።

አጣቢዋ ጎንበስ ብላ ቁስሉን በጣቷ ዞረችው።

«ውሃ ስቀዳለት ታየኝ አልነበረም?»

«እትዬ...» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እኔ ነኝ።»

«ጮክ በል! እኔን ሲሰድቡኝ እኮ በሹክሹክታ አልነበረም።»

«እኔ ነኝ!» አለ ጮክ ብሎ።

ልብሱን ሌላ መንደር ሲልክ የከረመው ሁሉ የገዛ ጫማውን እያየ አንድ በአንድ ሾለከ።

በማግስቱ ውሃ ልክ ሳፋዋን ተሸክሞ መልሶ ቦታው ላይ አኖረላት። እሷም ማጠብ ጀመረች፤ ጥላው የለምና ፀሐዩ አናቷ ላይ ነበር።