በገመድ የታሰረው ጣሪያ ሠሪ

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ የቤቷን ጣሪያ ማየት ካቆመች ዓመታት አልፈዋል። ባሏ የላላ ቆርቆሮ ሊመታ ወጥቶ የወደቀው ከዚሁ ጣሪያ ላይ ነው። «ኧረ ተጠንቀቅ!» ስትለው ከላይ ሆኖ ስቆባት ነበር። «አንቺ ደግሞ! ከዚህች ጎጆ ላይ ማን ይወድቃል?» አላት። ከዚያ ወዲያ የሰማችው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዋ አልወጣም። ጎረቤት ምስማር ሲመታ እንኳ የስፌት መኪናዋን አጥብቃ ትረግጣለች፤ አንዱ ድምፅ ሌላውን እንዲውጥላት።

ከሐዘኗ ስትነሳ ነጭ ጨርቅ ገጣጥማ ለቤቱ ኮርኒስ ሰፋችለት። ያየ ሁሉ «እንዴት ያምራል!» አላት። እሷ ግን ለውበት አልነበረም የሰፋችው፤ ጣሪያውን ላለማየት ነው። ጨርቁ ከዓመት ዓመት ዝገትና አቧራ እየተሸከመ ሆዱ ወረደ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲና ሳፋ ትደረድራለች። «ለምን አታስቀይሪውም?» ሲሏት «ፈጣሪ ያውቃል» ትላለች። ፈጣሪስ ያውቃል፤ እሷ ግን ስሙን የምትጠራው ፍርሃቷን ለመሸፈን ነበር።

አንድ ጠዋት፣ የአልጋ ቁራኛ ለሆኑት እናቷ ቁርስ ይዛ ስትገባ ጨርቁ ተቀዶ አገኘችው። ክንድ የሚያህል የበሰበሰ እንጨት ከእናቷ ራስ አጠገብ፣ ትራሱ ላይ ተጋድሟል።

«ምንድነው የወደቀው ልጄ?» አሉ እናቷ። ዓይናቸው ደክሟል።

«ምንም አይደል እምዬ፣ አቧራ ነው።»

«አቧራም እንዲህ መክበድ ጀመረ?»

ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። እንጨቱን ከትራሱ ላይ አንስታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ትንሽ ወዲህ ቢል ኖሮስ? አልጋውን እየጎተተች ወደ ፊተኛው ክፍል፣ ወደ ስፌት መኪናዋ ጥግ አመጣችው። ግን የፊተኛው ክፍል ጣሪያስ ከዚያኛው በምን ይሻላል? ሰው ብታወጣ ሰው ሊወድቅባት ነው፤ ባታወጣ ጣሪያው እናቷ ላይ ሊወርድ ነው። «አምላኬ፣» አለች በሆዷ፣ «የሚወጣማ ሞልቷል፤ የሚወርድ ሰው ስጠኝ።»

ሾፌሩ ወንድሟ ነገሩን ሲሰማ በማግስቱ አንድ ጎረምሳ ጣሪያ ሠሪ ይዞ ከች አለ። ሥራው ፈጣን ስለሆነ ሰፈሩ «መብረቁ» ይለዋል። መሰላል እስኪመጣለት እንኳ አልጠበቀም፤ አጥሩን ረግጦ ሽቅብ ተወነጨፈና በዛገው ቆርቆሮ ላይ እንደ አስፋልት መንገድ ይራመድበት ጀመር። ከእግሩ ሥር ጣሪያው ሲያቃስት ልብስ ሰፊዋ የበሩን መቃን ጨምድዳ ያዘች።

«ኧረ ወንድሜ፣ ቀስ በል!»

«አይዞሽ እትዬ! እኔ እኮ እናቴ ጣሪያ ላይ ነው የወለደችኝ! ደግሞ ከዚህች ላይ ማን ይወድቃል?»

የባሏ ቃል በባዕድ አፍ ተመልሶ መጣባት።

«በል ውረድ፤ ላስብበት» አለችው።

ወንድሟ በገነ። «ምኑን ነው የምታስቢው? ደመናው እላይሽ ላይ ተንጠልጥሎ! እንዲህ ያለ ጎበዝ በሻማ ብትፈልጊ አታገኚም!»

«ጎበዝማ አንድ ነበረኝ» አለችው። ወንድሟ ጎረምሳውን ይዞ ወጣ።

ያን ሳምንት እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም። ደመና ባየች ቁጥር ባልዲና ሳፋዋን ወደ እናቷ አልጋ ታስጠጋለች። በዚህ መሃል አንዲት ደንበኛዋ ቀሚስ ልትለካ መጥታ ስለ ቤቷ ሥራ ማማረር ጀመረች።

«እኛ ደግሞ ፈሪው የሚሉት ደርሶን ቆሽታችን አረረ። ንፋስ ሽው ሲል ይወርዳል፣ ጤዛ ካለ አይወጣም። አንድ ጣሪያ ይዞ አከረመን!»

ልብስ ሰፊዋ ከንፈሯ ላይ የያዘችውን መርፌ አወጣች። «ወድቆ ያውቃል?»

«በምን ወጥቶ ነው የሚወድቀው!»

«ጣሪያውስ? ያፈሳል?»

«እሱማ ምን ይወጣለታል፤ ጠብ አይልም።»

«የት ነው የማገኘው?»

ደንበኛዋ በመስታወቱ ውስጥ አፍጥጣ አየቻት።

ፈሪው ቀጠን ያለ፣ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው ነው። መጣና ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ቤት ገባ። አንጋጦ ነጩን ኮርኒስ ተመለከተ።

«ይህን ጨርቅ ፍቺልኝ፣ እህቴ።»

«ጨርቁ ምን አደረገዎት? ለውጥ የሚፈልገው ቆርቆሮው ነው።»

«የሚሸከመኝን ሳላይ አልወጣም።»

በገዛ እጇ የሰፋችውን በገዛ እጇ መተርተር ጀመረች። ጨርቁ ሲወርድ የምስጥ ዱቄት እንደ ዝናብ ወረደባቸው። ከላይ የቀረው እንጨት የማር እንጀራ መስሏል። ፈሪው ረጅም ዘንግ ይዞ ቆርቆሮውን የተሸከመውን ወራጅ አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገ፤ አንዳንዱ በንክኪ ብቻ ፈረሰ። መብረቁ የተራመደው በዚህ ላይ ነበር።

«እንዴት እስከ ዛሬ ቆመ?» አለች።

«ያቆመውን እሱን አመስግኚ» አለና ወደ ሰማይ አመለከተ። «አዲስ ቆርቆሮ ብቻ ብመታልሽ ሬሳ መሸለም ነው። እንጨቱም ይለወጣል። ደግሞ በቀን የምከፍተው በዚያው ቀን የምከድነውን ያህል ነው። አትቸኩይብኝ።»

«ኧረ አልቸኩልም! እባክዎን እርስዎም አይቸኩሉ።»

ሥራው ሲጀመር ፈሪው ወፍራም ገመድ ብብቱ ሥር አዙሮ ጫፉን ጣሪያው ላይ ባጋደለው የግቢው ዛፍ ቅርንጫፍ አሳልፎ ከግንዱ ጋር አሰረ። ሊያግዝ የመጣው ወንድሟ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«ጋሼ፣ የሚታሰረው በሬ አይደል እንዴ?»

«የታሰረ በሬ ገደል አይገባም፣ ልጄ» አለና በመሰላሉ ቀስ እያለ ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ ቤት ገብታ መኪናዋን ትረግጥ ጀመር። ኮቴ በተሰማ ቁጥር ስፌቱ ይጣመምባታል። ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ የቆርቆሮ ፍጭት፣ የእንጨት ስብራት፣ የወንድሟ ጩኸት። እግሯ መኪናው ላይ እንዳለ ደረቀ። መቀመጫዋ ላይ ተጣበቀች።

«ሂጂ እንጂ ልጄ!» አሉ እናቷ ከአልጋቸው።

«አልችልም እምዬ። አልችልም።»

«ሂጂ። እኔ እጸልያለሁ፤ አንቺ ሂጂ!»

ግድግዳውን እየዳሰሰች ወጣች። መሬት መሬቱን አየች፤ የሚያስፈራት መሬቱ ነበርና። መሬት ላይ የተሰበረ ወራጅና አንድ ጫማ ብቻ አለ። ያኔ ከስንት ዓመት በኋላ ቀና አለች። ፈሪው ከጣሪያው ጠርዝ በታች፣ በገመዱ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ አንድ እግሩ ባዶ ነው። ወንድሟ ገመዱን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አለሁ፣ አለሁ» አለ ፈሪው ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «መሰላሉን አቅርቡልኝማ።»

መሰላሉን ያመጣችው እሷ ናት። እንዴት እንዳመጣችው ግን አታውቅም። እግሩ እርከኑን ሲያገኝ በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘችለት። ወርዶ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ የሰጠችውን ውሃ እጁ እየደፋው ነበር። መፍራቱን ሲደብቅ አላየችም።

ወንድሟ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ምን አጠፋህ? በደንብ ይዘኸኛል እኮ። ይልቅ ጫማዬን አቀብለኝ።»

ደመናው ሲከብድ ሁለቱ ሆነው የተከፈተውን በሸራ ሸፈኑ። ዝናቡ መጣ፤ እናቷ ላይ ግን አልወረደም።

ከማግስቱ ጀምሮ ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ተወችው። ፈሪው ሲወጣ መሰላሉን ትይዛለች፤ ሲወርድም ትይዛለች። ፍርሃቷ አልለቀቃትም፤ ብቻ አሁን የሚይዘው ነገር አገኘ። ደንበኞቿ «ቀሚሳችንስ?» ሲሏት «ሰው ከላይ አለብኝ» ትላቸዋለች።

የመጨረሻው ምስማር የተመታ ቀን ፈሪው ገመዱን ትከሻው ላይ ጠቅልሎ ወረደ። አቧራውን አራገፈና እሷን ጠበቀ። አልተንቀሳቀሰችም፤ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጣቶቿ መሰላሉ ላይ ነጥተዋል።

«እህቴ» አላት በቀስታ፣ «ወርጃለሁ እኮ። ልቀቂው።»