አልደከመኝም ያልኩበት ዳገት

ይህ የደረሰብኝ የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ፣ ጥቅምት ወር ላይ፣ ደብረ ታቦር ነው። እስካሁን ያልረሳሁት እንደዚያ ቀን በሰው ፊት ተዋርጄ ስለማላውቅ ነው። ደግነቱ ውርደቱ በመልካም አለቀ።

ከሐዋሳ ተመድቤ በቀያሽነት ልሠራ ደብረ ታቦር ስመጣ ብርዱም ዳገቱም ገድሎኝ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ቢሮዬ ደረጃ ላይ እንኳ ቆሜ ትንፋሼን እሰበስብ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ለመድኩት፤ ጠዋት ጠዋትም መሮጥ ጀመርኩ። ዓመት ሳይሞላኝ ወደ ጋሳይ በሚወስደው መንገድ ያለውን ዳገት ሳልቆም እወጣው ጀመር።

በዚያው ዓመት ከማስተዋል ጋር ተዋወቅን። አስተማሪ ናት። ልንጋባ ተስማማን፤ ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ግን አባቷ ሊያዩኝ ፈለጉ። አባቷ ጋሽ አዳነ ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው። ምሳ ይጋብዙኛል ብዬ ስጠብቅ በልጃቸው በኩል የላኩብኝ መልእክት ሌላ ሆነ። "ይሮጣል አላልሽም? ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንሩጥ በይው።"

"አንድ ነገር ልንገርህ" አለችኝ ማስተዋል። "አባባ ሰካራምና ውሸታም አይወዱም። ደግሞ እንዳትቀድማቸው። በጣምም ወደኋላ እንዳትቀር፤ ሰነፍ ነው ይሉሃል።"

ሳቅኩ። ሰውዬው ስድሳ አምስትን አልፈዋል። እኔ ደግሞ ረቡዕ ዕለት ያንኑ ዳገት ስወጣው እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም ነበር። አፍ አውጥቼም "ቀስ እልላቸዋለሁ፣ አታስቢ" አልኳት።

ቅዳሜ ፀሐይ ወጣ ስትል ጋሳይ መንገድ መነሻ ላይ ተገናኘን። ጋሽ አዳነ ያረጀ ሰማያዊ ቱታ ለብሰው፣ የሱፍ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው አጥልቀዋል። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። "በል እንግዲህ" አሉና ተነሡ።

ሜዳውን ጨርሰን ዳገቱን እንደጀመርን አንድ ነገር እንደተበላሸ ገባኝ። እግሬ አልታዘዝ አለኝ። አንድ ሰው ከኋላዬ ቀበቶዬን ይዞ የሚጎትተኝ መሰለኝ። ትንፋሼ አጠረ፤ ጆሮዬ ጮኸ። ጋሽ አዳነ ግን ክንዳቸውን ሰብሰብ አድርገው ሱክ ሱክ እያሉ ይወጣሉ።

"ደከመህ እንዴ?" አሉኝ ዞር ብለው።

"ኧረ አልደከመኝም!" አልኩ። ያቺን አንድ ቃል ለመጨረስ መሃል ላይ መተንፈስ ነበረብኝ።

ዕለቱ ገበያ ነው። ከገጠር በግና እህል ይዘው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሰዎች መንገዱን ሞልተውታል። ሽማግሌው ከፊት ሲሮጡ፣ ጎልማሳው ከኋላ ሲንገዳገድ አይተው ዝም ብለው የሚያልፉ ጥቂቶች ነበሩ። ዶሮ የያዘች አንዲት ሴት "ውይ አባባ፣ ልጁን ሊገድሉት ነው እንዴ? ቀስ ይበሉለት እንጂ!" ብላ ጮኸች። በግ የሚነዱ ሰውዬ ደግሞ ቆም ብለው አዩኝና "ይህስ ታሟል" ብለው አለፉ።

"ደከመህ?" አሉኝ ጋሽ አዳነ እንደገና።

"አልደከመኝም!"

መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ዓይኔ ጨለመብኝ፤ የባሕር ዛፎቹ ዞሩብኝ። ወዲያው ራሴን ያገኘሁት መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ጭንቅላቴን በጉልበቶቼ መሃል ቀብሬ ነው። የልብ ሕመም ይዞኛል ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያም የባሰ ድንጋጤ ተከተለ፤ ማስተዋል አመለጠችኝ።

ጋሽ አዳነ ከፊቴ ቁጢጥ ብለው ፊቴን መረመሩ። ጠጋ ሲሉ ትንፋሼን ያሸተቱም መሰለኝ።

"ማታ የት አመሸህ?"

"ቤቴ።"

"ምን ጠጣህ?"

"ውሃ ነው ጋሼ። እውነቴን ነው፣ መጠጥ አልጠጣም።"

"አልደከመኝም እንዳልከው ነው?" አሉኝ።

ሙቀቱ ሲያፍነኝ የሹራቤን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰብኩ። ይኼኔ ክንዴን ለቀም አደረጉት። ክርኔ መታጠፊያ ላይ ጥጥ በፕላስተር ተለጥፏል።

"ይሄስ ምንድን ነው?"

"ትናንት መሥሪያ ቤታችን ደም የሚሰበስቡ ሰዎች መጥተው ነበር። ደም ሰጥቼ ነው።"

ክንዴን ለቀቁት።

"ትናንት ደም ሰጥተህ ነው ዛሬ ዳገት የምትሮጥ? ከባድ ሥራ እንዳትሠራ አላሉህም?"

"ብለውኛል" አልኩ። እውነትም ነግረውኛል። እኔ ግን ከባድ ሥራ ሲሉኝ የመሰለኝ ጆንያ መሸከም ነው። ሩጫን እንደ ሥራ ቆጥሬው አላውቅም።

"እንቅልፍስ ተኝተሃል?"

"አልተኛሁም። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ ነው ያደርኩት።"

"ለምን?"

"እርስዎን ፈርቼ።"

ጋሽ አዳነ ሳቃቸው መጣ። መጀመሪያ ሊይዙት ሞክረው ኮፍያቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አልቻሉም። ከጎኔ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም እየጠወለግኩ አብሬያቸው ሳቅኩ።

"ስማ" አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "እንኳን ደም ሰጥተህ፣ እንቅልፍ ብቻ ስታጣም ያው ዳገት ሌላ ዳገት ይሆንብሃል። ሲጨንቅህም፣ በደንብ ሳትበላ ስትወጣም እንደዚያው ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን ስሮጥ ትናንት የነበረኝን እግር ዛሬ ላገኘው እችላለሁ ብዬ ወጥቼ አላውቅም። ሰው ደከመኝ ቢል ምን ነውር አለው?"

ባጃጅ አስቆሙ። ሾፌሩ እኔን አየና "ሆስፒታል ነው?" አላቸው። "የለም፣ ቤት ነው። ቁርስ ይበላል" አሉት።

ጋሽ አዳነ ደግፈውኝ ስንገባ ማስተዋል በር ላይ ሆና ስታየን እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"አትደንግጪ" አሏት አባቷ። "አልቀደመኝም። በደንብ መክረሽዋል።"

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ እንደነገሩኝ ጋሽ አዳነ ብዙ አላስለመኑም። "ልጁ አይጠጣም፤ መዋሸቱንም ቢሞክር አይችልበትም" ብለው ፈቀዱ።

አሁን ከማስተዋል ጋር አንዲት ሴት ልጅ አለችን። ደምም እሰጣለሁ፤ የሰጠሁ ሰሞን ግን የሩጫ ጫማዬን ባለቤቴ ትደብቅብኛለች። አንዳንድ ቀን ጠግቤ በልቼ፣ ጥሩ ተኝቼም እግሬ እምቢ ይለኛል። ድሮ እበሳጭ ነበር፤ አሁን እራመዳለሁ።

ያን ጠዋት ሳስታውሰው ግን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። እግሬ ደህና ቢሆንልኝ ኖሮ፣ ላለመቅደም እየተጠነቀቅኩ ከእሳቸው ኋላ ዳገቱን እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፣ "ደህና ይዋሉ" ብዬ እለያቸዋለሁ። በቃ። ሰውዬው ስለ እኔ የሚያውቁት መሮጤን ብቻ ይሆን ነበር። እኔም ሲስቁ ሳላይ ለስንት ጊዜ ስፈራቸው እኖር ነበር።