ሳልለካ የጻፍኩት ዜሮ

ይህን ለሚስቴም ለኢማሜም ተናግሬው አላውቅም። የአንዲት ታማሚን የክንድ እብጠት ሳልለካ «ዜሮ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሀርጌሳ ውስጥ በአንድ ትንሽ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። እትዬ ሰዓዳ እንደ እኔ ድሬዳዋ ያደጉ፣ ኮድቡር በሚባለው ሰፈር ልብስ የሚሰፉ ሴት ነበሩ። የመገጣጠሚያ ሕመም ጣታቸውን ቆልምሞት መርፌ መያዝ አቅቷቸው ነበር። ሐኪሙ አዲስ ክኒን አሰበላቸው። ክኒኑ በመከላከያ ሴሎች ውስጥ መልእክት የሚያቀባብለውን ኢንዛይም ያግዳል። መልእክቱ ሲቋረጥ ሴሎቹ የገዛ አካላቸውን ማጥቃት ይተዋሉ፤ ግን ሳንባ ውስጥ ተኝቶ የኖረ ቲቢ ካለ እሱንም የሚይዘው ይጠፋል። ስለዚህ አስቀድሞ የቲቢ መመርመሪያ መርፌ ክንድ ላይ ይወጋል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እብጠቱ በማስመሪያ ይለካል፤ ጠጥሮ ካበጠ ቲቢው አለ ማለት ነው። ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ማክሰኞ ወጋኋቸው። ሐሙስ ከሰዓት ሊያሳዩኝ ሲመጡ እኔ የላቦራቶሪውን በር ቆልፌ ሄጄ ጫት ላይ ተቀምጫለሁ። ደወሉ።

«ልጄ፣ የወጋኸኝ ቦታ አብጦ ጠጥሯል፤ የት ልምጣልህ?»

«አይድከሙ እናቴ፣ የመርፌው ነው» አልኳቸው፣ ጉንጬ በጫት ተወጥሮ። ቅዳሜ ዜሮ ብዬ ፈረምኩ። ለአንድ እስር ጫት! ቱ!

ሐኪሙ ዜሮዬን አምኖ ያስጀመራቸው ክኒን ጣታቸውን ፈታላቸው። በዚያው ጣት ነጭ ጋዋን ሰፍተው አመጡልኝ፤ እኔም ሳላፍር ለበስኩት። ብዙ ወራት ሳይቆይ ደም ያስላቸው ጀመር። ሐኪሙ «በእርግጥ ዜሮ ነበር?» ሲለኝ «ወላሂ፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩ። በአላህ ስም ዋሸሁ፣ ያውም የእሳቸውን ጋዋን ለብሼ።

ሊሞቱ ሰሞን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ልናገር አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ በስልክም በምኑም አስቸግሬህ እንደሆነ አውፍ በለኝ።»

ወጉ ነው፤ በጠና የታመመ ሰው ጠያቂዎቹን አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ይላል። እኔስ ምን አልኩ? «አውፍ ብያለሁ» አልኩ። እኔ! እሳቸውን ለሞት ያበቃሁት እኔ፣ ይቅር ባይ ሆኜ ከቤታቸው ወጣሁ።

አሁን መናገሬ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የሰው ሐቅ የተበደለው ራሱ ካላለፈው አይሰረይምና አውፍ ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እናንተ አውፍ እንዳትሉኝ።