የሻሼ ጥርስ

የሻሼን ሕመም መጀመሪያ ያየው ባለቤቴ ከማል ነው፤ ግን ሊነግረኝ አልቻለም።

ጠዋት ከሥራ ስገባ ሶፋው ላይ ተቀምጦ በደህናው እጁ አፉን ይነካል። ጉንጩን ይነካል፣ ወደ ሳሎኑ ጥግ ያመለክታል፣ እንደገና አፉን ይነካል።

«ጥርስህን ነው? አመመህ?» አልኩት።

«አይ።»

«ራበህ?»

«አይ።»

አፉን አስከፍቼ በስልኬ መብራት አየሁት። ምንም የለም። እጄን ገፋና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የደበቀኝ ነገር ያለ መስሎኝ ዴንቲስት ጋ ቀጠሮ ያዝኩለት።

በማግስቱ ልጃችን ሐያት ጓዳ ድረስ መጣች። «ማሚ፣ ሻሼ ኢዝ ኖት ኢቲንግ፣ አትበላም» አለችኝ። ሄጄ አየሁ። ሻሼ የፓርስሊውን ቅጠል ታነሳለች፣ ታላምጣለች፣ መልሳ ትጥለዋለች። እንደገና ታነሳለች። ከአገጯ ሥር ያለው ጠጉር በምራቅ ርሷል። ከማል እሱ ያየውን እኔም እንዳየሁ ሲያውቅ ዓይኑን ጨፈነ።

ሻሼ ጊኒ ፒግ ነበረች፤ ጭራ የሌላት፣ ጠጉራም፣ ጭን ላይ የምትያዝ የቤት እንስሳ። ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለች ትንሽ እንስሳ ቤታቸው ታማባቸው ለማን እንደሚናገሩ ግራ ለገባቸው ሰዎች ነው። እኛም ያኔ ግራ ገብቶን ነበር።

ከማል በምንኖርበት በዳንደኖንግ ባለ የዕቃ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ነጂ ነበር። ሥራ ላይ እንዳለ ስትሮክ መታው። የተጎዳው የአንጎሉ ግራ ክፍል ስለነበር ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ደከሙ፣ ንግግሩም ሄደ። ሐኪሙ ይህን አፌዥያ አለው። «ያስባል፣ ይሰማል፣ ያውቃችኋል። ቃሉን ፈልጎ ማውጣት ነው ያቃተው» ብሎ አስረዳን። ለብዙ ወራት የቀሩት ቃላት «እሺ» እና «አይ» ብቻ ነበሩ። እነሱም አንዳንዴ ይገለባበጡበታል፤ እሺ ብሎ አይ ማለቱ ይሆናል። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ፤ ሐያት ዩኒቨርሲቲ ጀምራለች። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይውላል።

ሐያት ናት ባለቤት ያጡ እንስሳት ከሚጠለሉበት ቦታ ሁለት ሴት ጊኒ ፒጎች ይዛ የመጣችው። «አባዬ ብቻውን እንዳይሆን» አለች። እኔ አልፈለግሁም። የማጸዳው ነገር ሞልቶኛል። ጎረቤታችን እትዬ መሬም ደግሞ «ፒግ» የሚለውን ሲሰሙ በራችን ላይ ቆመው አልገባም አሉ። ሐያት ከአሳማ ጋር ስሙ እንጂ ዘሩ እንደማይገናኝ፣ ሣር በል እንደሆኑ፣ ይልቅ ለአይጥ እንደሚቀርቡ አስረዳቻቸው።

«አይጥ ከሆነችማ ይብስ» አሉ እትዬ መሬም። ቢሆንም ገቡ።

ጊኒ ፒጎቹ ሲራቡ ያፏጫሉ። የፍሪጅ በር ሲከፈት ሰምተው ቤቱን በፉጨት ይሞሉታል። ከማል ወደ ሽቦ ጎጇቸው ወንበር አስጠግቶ ማየት ጀመረ። አንደኛዋ ቀይ ቡናማ ናት፤ ሌላዋ ጥቁር ሆና ግንባሯ ነጭ ነው። አንድ ቀን እኔ ሳህን ሳጥብ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ሻ…» አለ። ቆየ። «ሻሼ።»

ወሎ፣ አባቱ ቤት፣ ግንባረ ነጭ ላም ሻሼ ትባል እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ። ከስትሮኩ ወዲህ ከእሺና ከአይ ውጭ ያወጣው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር። ሳህኑን አስቀምጬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሌላዋን ዳማ አላት። ንግግር የምታለማምደው ስፒች ፓቶሎጂስቷ በአስተርጓሚ ነበር የምታሠራው፤ ይህን ስትሰማ የሥዕል ካርዶቿን ትታ ወንበሯን ወደ ጎጇቸው አዞረች። ውሃ። ሣር። ነይ። ብዪ። ከማል ከሰው ጋር መናገር ያፍር ነበር። ከነሱ ጋር ግን አያፍርም፤ ቢሳሳትም የሚያርመው የለም።

ስለዚህ ሻሼ መብላት ስታቆም የታመመችብን እንስሳ ብቻ አልነበረችም።

ትንንሽ እንስሳትን የምታክም ቬት ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሟ ቀጭን መብራት አፏ ውስጥ አስገብታ አየች። ሐያት ታስተረጉማለች።

«የኋላ ጥርሶቿ አድገው ምላሷ ላይ ተጋጥመዋል» አለች ሐኪሟ። «የጊኒ ፒግ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል። ርቧታል፣ መብላት ትፈልጋለች። ምላሷን ማንቀሳቀስ አልቻለችም።»

ሐያት ይህን ተርጉማ ስትጨርስ ማናችንም ወደ ከማል አላየንም።

በማደንዘዣ ተኝታ ጥርሷ መስተካከል ነበረበት። ትንሽ ፍጥረት ስለሆነች ላትነቃ እንደምትችል ተነገረን። ጠበቅን። ነቃች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የኛ ሆነ። ጊኒ ፒግ ለአጭር ጊዜ እንኳ ካልበላች አንጀቷ ይቆማል፤ አንጀቷ ከቆመ ትሞታለች። ቬቷ የሰጠችንን የሣር ዱቄት በለብ ያለ ውሃ እንደ አጥሚት እያቀጠንን በሲሪንጅ፣ በጥርሷ ጎን፣ ጠብታ በጠብታ ማጉረስ ነበረብን። የሕመም ማስታገሻው ሜሎክሲካም ነበር፤ ቫይታሚን ሲም አለ። እኔ ሺፍት አለብኝ፣ ሐያት ትምህርት አላት። ከማል እጁን ዘረጋና እሷን የምንጠቀልልበትን ፎጣ ከእኔ ወሰደ።

ፊዚዮቴራፒስቱ ቀኝ እጁን እንዲያሠራበት የሰጠው ለስላሳ ኳስ ነበር፤ አንድም ቀን በፈቃዱ አልነካውም። አሁን ግን ሻሼን በፎጣ ጠቅልሎ በዚያ በደከመ ክንዱ ደረቱ ላይ ይይዛታል፣ በግራ እጁ ሲሪንጁን ይገፋል፣ ስትውጥ ይጠብቃል፣ እንደገና ይገፋል። ክንዱ ሲዝል እሷ አትወራጭም። «ብዪ፣ ብዪ ሻሼ» ይላታል። ከሥራ ስመለስ ሸሚዙም ፎጣውም አረንጓዴ ሆነው አገኛቸዋለሁ። በየጠዋቱ በወጥ ቤት ሚዛን እንመዝናታለን፤ ክብደቷ መጀመሪያ ባለበት ቆመ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወጣ፣ ከዚያ አንድ ቀን ፍሪጁን ስከፍት ቀድማ ያፏጨችው እሷ ሆነች። ያን በጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስታችንም ወደ ዳንደኖንግ ገበያ እየሄድን የድንብላል ቅጠልና የማያቃጥል ቃሪያ እንገዛ ነበር፤ ከማል ለሻጮቹ በአማርኛ «ለሻሼ» ይላቸዋል፤ እነሱም ሳይገባቸው ይስቃሉ።

ከዚያ ሕመሙ ተመለሰ።

እንደገና ማደንዘዣ። እንደገና ሲሪንጅ። በየጊዜው ሕመሙ ቶሎ መጣ፤ በየጊዜው እሷ ቀጠነች። በመጨረሻ ራጅ አነሷት። የጥርሱ ሥር ወደ ታች አድጎ መንጋጋዋን እየገፋ ነው። መግል ይዟል።

«ላስታግስላት እችላለሁ» አለች ቬቷ። «ላድናት አልችልም።»

ሐያት «ያንቺ ብትሆን ምን ታደርጊ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

«የኔ ብትሆን አላቆያትም።»

ዕለቱን አልወሰንንም። ወደ ቤት ይዘናት ሄድን። በመርፌ መግደሉ ኃጢአት ይሆንብን ይሆን ብዬ ጨነቀኝና መስጊድ የማውቃቸውን አንድ ሽማግሌ ደውዬ ጠየቅሁ። «ተመልሳ ትበላለች?» አሉኝ። «አትበላም» አልኳቸው። «አላህ ልብሽን ያያል፣ ልጄ» አሉ።

ቬቷ ጋ ስንመለስ ሻሼ ከማል ጭን ላይ ነበረች። ሐኪሟ ፊቱ ተንበርክካ ጠየቀችው። ፈቃዱን ትፈልጋለች።

«እሺ» አለ።

የቱ እሺ ነው? ማወቅ አልቻልኩም። ሐያትም አልቻለችም። ሐኪሟ ጠበቀች። ጎኑ ቁጭ አልኩ።

«ከማል» አልኩት፣ «ወደ ቤት እንውሰዳት ወይስ ይብቃት?»

ሻሼን አያት። ከንፈሩ ብዙ ጊዜ ተንቀሳቀሰ።

«ደከማት» አለ። ያን ቃል እኔ አልሰጠሁትም። ከዚያ፣ «ይብቃት።»

መጀመሪያ የሚያስተኛውን ወጓት። ከማል እጅ ላይ ተኛች። ሁለተኛውን ወጓት። ሰውነቷ ላላ። ሐኪሟ በማዳመጫዋ ልቧን አዳመጠች። «አርፋለች» አለች። ከማል እጁን አላነሳም። ማንም አንሳ አላለውም።

አብራት የኖረችው ዳማ እንድታያት ወደ ቤት ውሰዷት ብለውን ነበር። ዳማ ጠጋ አለች። አሸተተቻት። ጆሮዋን ላሰቻት። ከዚያ ጥግ ሄዳ ጀርባዋን ሰጠች። ሻሼን ከጓሮው የሎሚ ዛፍ ሥር ቀበርናት። ጉድጓዱን የቆፈረው ከማል ነው፤ በአንድ እጁ፣ ተንበርክኮ።

ከቀብሩ በኋላ የመጣው ከሕመሙ ይልቅ ከበደኝ። ዳማ መብላት ተወች። ከማል መናገር ተወ። እሺም አይም ቀረ። ምግብ ሳቀርብ በማንኪያው ይነካካና ያስቀምጠዋል። ሰው ሲሞት ምን እንደምናደርግ እናውቃለን፤ ጎረቤት ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ያስተዛዝናል። ለዚች የሚመጣ የለም። ሲድኒ ያለች የአክስቴ ልጅ በስልክ ነግሬያት ሳቀች፤ «ለአይጥ ነው እንዲህ የሆናችሁት?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለማንም አልተናገርኩም። ሥራ ቦታ ዓይኔ ለምን እንዳበጠ ሲጠይቁኝ ጉንፋን ነው አልኩ።

ሳይጠሩ የመጡት እትዬ መሬም ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ከማል አጠገብ ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑን ራሳቸው አጠፉት።

«እትዬ፣ ደግ አደረጉ መምጣትዎ» አልኳቸው። «ሰው እኮ ይስቅብናል።»

«ይሳቅ» አሉ። «ይህን ሰው ያናገረችው እሷ አይደለችም? እኔ ስንት ቀን መጥቼ አንድ ቃል አላወጣልኝም። ታዲያ እንዴት አይታዘንላት?»

ሻይ አፈላሁ። ብዙ ተቀምጠው ሄዱ። ከማል እንባው ወረደ፤ ከቀብሩ ወዲህ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

የቤተሰብ ሐኪማችን ከስትሮክ በኋላ ድባቴ ብዙ ሰው ላይ እንደሚመጣ፣ ኀዘን ሲጨመርበት እንደሚብስ ነገረን። መድኃኒት አዘዘለት። «የሞተችው እንስሳ ስለሆነች ኀዘኑ ቀላል ነው ብላችሁ አትገምቱ» አለን። ቀርታ የነበረችው ስፒች ፓቶሎጂስትም ተመልሳ መምጣት ጀመረች፤ ባይናገርም አብራው ትቀመጣለች። ዳማን በሲሪንጅ እየመገብን አቆየናት። ቬቷ ጊኒ ፒግ ብቻዋን እንደማይሆንላትና ጓደኛ እንድንፈልግላት መከረችን፤ ሐያት ይህን ስትነግረው ከማል «አይ» አለ። የዚያን ቀኑ አይ ግልጽ ነበር፤ አላስገደድነውም። ሳምንታት አልፈው ዳማ የጎጇዋን ሽቦ እያኘከች ብቻዋን ስታፏጭ ሰምቶ ራሱ ወደ ሐያት ስልክ አመለከተና «አምጪ» አላት። ከመጠለያው አንዲት ሽበታም አሮጊት ጊኒ ፒግ መጣች፤ ዳማ መጀመሪያ ጥርሷን አንቀጫቀጨችባት፣ ከዚያ ሣሩን አብራት በላች፣ ቀን እየቆየ ደግሞ ተደጋግፈው መተኛት ጀመሩ።

የመጣችው ሻሼን አልተካችም። እንድትተካትም አልጠበቅንም። ሁለቱም ኋላ በእርጅና ሞቱ፤ ዳማ ክረምት ላይ፣ ሣሯ ውስጥ እንደተኛች። የከማል ንግግር በከፊል ተመልሷል፤ አጫጭር ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ ሲደክመው ይጠፋበታል። እንደ ድሮው እንደማይሆን ሐኪሞቹ ነግረውናል። ቀኝ እጁም ከዚያ በላይ አልተሻለውም።

ለቬቷና ለረዳቶቿ፣ ለስፒች ፓቶሎጂስቷ፣ ለእትዬ መሬም፣ ያንን ሁሉ ላስተረጎመችው ልጄ ለሐያትም ምስጋናዬ ብዙ ነው። ከሁሉ በፊት አልሐምዱሊላህ።

ጊኒ ፒግ ቤታችሁ ካለች ክብደቷን በየሳምንቱ መዝኑ፤ ሕመሟን ትደብቃለች፣ ሚዛኑ ግን ይናገራል። ከምንም በላይ ሣር ትብላ። ምግብ አንስታ ከጣለች፣ አገጯ ከረጠበ፣ ነገ ይሻላታል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰዷት። ቢቻል ብቻዋን አታኑሯት። ስትሞትባችሁ የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ የማይስቀውን ፈልጋችሁ ንገሩት፣ እኔ ብዙ ቆይቼ ነው የተናገርኩት። ቤታችሁ መናገር ያቃተው ሰው ካለም ሳትጠይቁት አትወስኑ፤ መልሱ እስኪመጣ ጠብቁ፣ ቢዘገይም ይመጣል።

የመጨረሻው ቀን ሲመጣ ደግሞ፣ ማየቱ ካቃታችሁ በራሳችሁ አትፍረዱ። ከቻላችሁ ግን ክፍሉን ጥላችሁ አትውጡ። የምታውቀው እጅ ላይ ትሁን።