ደጋ የተሰፋ ኮርቻ

ኑሮዬ ብራና መፋቅ ነው። የፍየል ቆዳ ወጥሬ፣ ፍቄ፣ አለስልሼ ለጸሐፊ አስረክባለሁ። ከዚህ ተነሥቼ ስለ ቆዳ የማላውቀው ነገር የለም ብዬ አመንኩ። ቤቴን ያመሰው ይኸው እምነት ነው።

ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከሄደ ወዲህ አንኮበር ውስጥ አሮጌ ኮርቻ እንደ ልብ ነበር። መኳንንቱ ደኅና ደኅናውን ጭነው ሲሄዱ፣ እንጨቱ የላላውን፣ ቆዳው የተተለተለውን በየጓዳው ጥለውት ሄዱ። እኔና የደብራችን ቄስ የዚያ ሁሉ ውዳቂ ወራሾች ሆንን። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ጥግ ቁጭ ብለን ስለ እርካብ አሰቃቀል እንከራከራለን። ለባለሙያ መስጠት በእኛ ዘንድ ሽንፈት ነው። የሚያስቀው፣ በእጃችን ከጠገንናቸው ኮርቻዎች አንዱም በቅሎ ጀርባ ላይ ሳምንት ቆይቶ አያውቅም። በተሰበረ ቁጥር ቄሱ «ይሄኛው እንኳ ሊቆይ ነበር» ይላሉ። እኔም «ለጥቂት ነው» እላለሁ።

ከኮርቻዎቹ ጋር የምትኖረው ግን ባለቤቴ ነበረች። አንዱ መደቡ ላይ፣ አንዱ ከበሩ ኋላ፣ አንዱ ከራስጌዋ። ባለቤቴ ደስ ሲላት «አንተ» ትለኛለች፤ ስትቆጣ «እርስዎ» እሆናለሁ። አንድ ቀን የሊጥ ቡሃቃዋን ከፈተች፤ እኔ ለኮርቻ ማሰሪያ የነከርኩትን የቆዳ ጠፍር አገኘች። በሁለት ጣቷ ይዛ አወጣችና «ዛሬ ይህን ጋግሬ ላቅርብልዎ?» አለችኝ። በማግስቱ አሊዩ አምባ አጠገብ ወዳለው አባቷ ቤት ወረደች።

ትመለሳለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተመለሰችም። አሁን ቤቱን እስከ ጣራው በኮርቻ ብሞላው ከልካይ የለኝም፤ ነገር ግን አንዱንም ልነካው አልቻልኩም። ናፈቀችኝ፣ በቃ።

በመጨረሻ እንደ ጤነኛ ሰው ሽማግሌ ይዤ ልለምናት ወሰንኩ። ጤናዬ ግን እዚያ ላይ አበቃ። ባዶ እጄን አልሄድም፣ ተቀምጣበት የምትመለስበትን ኮርቻ ራሴ ጠግኜ እወስድላታለሁ አልኩ። ሽማግሌ አድርጌ የመረጥኩትም ቄሱን ነው።

ካሉኝ ያማረውን ኮርቻ አነሣሁ። እንጨቱን በእርጥብ ጠፍር ጠፍንጌ አሰርኩት፤ ጠፍር ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ እንጨቱን አጥብቆ ይይዘዋል። እንዲደርቅም አምስት ቀን ደጅ አቆየሁት። ያን ሰሞን አንኮበር ከጉም አልወጣችም፤ ጠፍሩ ቀዘቀዘ እንጂ አልደረቀም። እኔ ዳስሼ «ጠንክሯል» አልኩ። ቄሱም ዳሰሱና «ደርቋል» ብለው ባረኩት።

ኮርቻውን በቅሎዬ ላይ ጭነን ቁልቁለቱን ስንወርድ ጉሙ ከበላያችን ቀረ፤ ፀሐይ ከረረች። እኔ ጋቢዬን አወለቅሁ፤ ጠፍሩ ግን ገና መሰብሰብ መጀመሩ ነበር። መጀመሪያ ኮርቻው ሲጥ አለ።

«እየተስማማ ነው» አሉ ቄሱ።

ትንሽ ቆይቶ ቋ አለ። «ይሄም መስማማት ነው?» አልኳቸው። ወዲያው የፊተኛው እንጨት ለሁለት ተሰነጠቀ።

ስንጥሩ በቅሎዋን እንዳይወጋት ኮርቻውን አውርጄ እኔው ተሸከምኩት። አማቶቼ ደጅ የደረስነው በቅሎዋ ባዶዋን ከፊት፣ እኔ ኮርቻ ተጭኜ ከኋላ ሆነን ነው።

የባለቤቴ አባት በክብር አስቀመጡን። እሷ ምሰሶውን ተደግፋ፣ ፊቷን አዙራ ቆመች። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ትዳር መናገር ጀመሩ። ጥሩም ጀምረው ነበር። መሐል ላይ ዓይናቸው ኮርቻው ላይ አረፈ።

«እንግዲህ ጋብቻ ማለት…» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ከኋላ በኩል ግን አልተሰነጠቀም እኮ» አሉኝ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀና ስል ባለቤቴ ትክ ብላ ታየኛለች።

«ይምረጡ» አለች። «ወይ ኮርቻውን ለኮርቻ ሠሪ ይሰጣሉ፣ ወይ እኔን ለአባቴ።»

እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። በዚያች ሰዓት ላጣት ምንም እንዳልቀረኝ ገባኝ። ኮርቻ የምሰፋበትን ወስፌዬን ከወገቤ መዝዤ እግሯ ሥር አኖርኩት። አንሥታ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

ኮርቻውን አሊዩ አምባ ገበያ ውስጥ ላለ አንድ ሽማግሌ ኮርቻ ሠሪ ወሰድንለት። ጠፍሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«ላይ ደጋ ነው የሰፋኸው?»

«አዎ።»

«ሱብሐነላህ! ጉሙን አብረህ ሰፍተህ አመጣኸው?»

ባለቤቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሰውየው እንጨቱን ለውጦ፣ አዲስ ጠፍር አስሮ፣ በቆላ ፀሐይ በደንብ አድርቆ ሰጠን። ሥራው ያምር ነበር፤ እንዲህ ማለት እስከ ዛሬ ያመኛል።

ስንመለስ እሷ ኮርቻው ላይ፣ እኔ ልጓሙን ይዤ በእግሬ፣ ቄሱ ከኋላችን ነበሩ። ዳገቱን ጨርሰን ጉሙ ውስጥ ስንገባ ጠፍሩ ረጠብ አለና ኮርቻው ቀስ ብሎ ሲጥ፣ ሲጥ ማለት ጀመረ። እጄ ሳላዘው ወደ ወገቤ ሄደ። ወስፌው የለም። ቄሱ ከኋላዬ ሳል ሳል አደረጋቸው። ምንም እንዳልሰማ ሰው ወደፊት ተራመድኩ።

«እኔም ሰምቼዋለሁ» አለች ከላይ። ትንሽ ሄድን። «ቤት ስንደርስ አንዲት ስፌት ብቻ። ሰማህ?»

ስለ ስፌቱ ግድ አልነበረኝም። እኔ የሰማሁት «ሰማህ» ማለቷን ነው።