የሁለት ፈተና መቀናጆ

ባለፈው ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የእህቴ ልጅ ሕሊና ለወራት ስትዘጋጅለት የከረመችው የምህንድስና መግቢያ ፈተና ላልተወሰነ ጊዜ መራዘሙን የሚገልጽ ባለ ሁለት መስመር ማስታወቂያ በስልኳ ደረሳት። ምክንያቱ አልተጻፈም።

በዚያ ሰዓት እኔ የካ አባዶ፣ እነሱ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ። ከብሎኩ ሥር ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ያባዛሁላት የቆዩ ፈተናዎች ገና ሙቀታቸው አልወጣም። ሕሊና ከአልጋዋ በላይ ግድግዳው ላይ ሁለት ፈተናዎችን ጎን ለጎን የምታነጻጽርበት ሰፊ ወረቀት ለጥፋለች፤ በግራ ሁሉም የሚፈተነው ብሔራዊ ፈተና፣ በቀኝ ዩኒቨርሲቲው ለብቻው የሚሰጠው። የትኛው ፊዚክስ እንደሚበዛበት፣ የትኛው በእንግሊዝኛ ንባብ እንደሚያደክም፣ የትኛው እንደሚቀድም በተለያየ ቀለም ጽፋዋለች። ማስታወቂያውን ደግማ አነበበችና ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው።

«አጎቴ፣ ጋዜጠኛ አይደለህ? እስቲ ደውልላቸው።»

ደወልኩ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ያነሳችው ሴት ስሜንና ጉዳዬን በትዕግሥት አዳምጣ ማስታወቂያ እንድከታተል መከረችኝ። ማስታወቂያውን አይቼ ነው የደወልኩት ስላት «እንግዲያው ደርሶዎታል» ብላ ዘጋችው።

ሕሊና አላለቀሰችም። ወረቀቶቹን ከእጄ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ደልድላ አስቀመጠችና ሻይ ልትጥድ ሄደች። እኔ ከወረቀቶቹ ጋር ቀረሁ። ሞቅ ያለው ወረቀትና የቀለም ዱቄቱ ሽታ፣ ያ ትንሽ የተቃጠለ ላስቲክ የሚመስለው ጠረን፣ እነዚህ ሕንጻዎች ከመቆማቸው በፊት፣ አባዶ የጤፍና የስንዴ ማሳ በነበረበት ጊዜ፣ ከካራ እዚህ ለመድረስ በበጋ አቧራ በክረምት ጭቃ እስከ ጉልበታችን ወደምንለብስበት ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ዓመቴ መለሰኝ።

ቤታችን ካራ ነበር። ቶሎሳ፣ ከመጀመሪያ ደረጃ ጀምሮ አንድ ዴስክ የተካፈልነው ጓደኛዬ፣ እዚሁ አባዶ ነበር የሚኖረው፤ አባቱ ጋሽ በዳዳ ገበሬ ነበሩ። ቶሎሳ መንገድና ድልድይ መሥራት ይፈልግ ነበር፤ ሌላ ነገር ሲመኝ ሰምቼው አላውቅም። ከትምህርት ቤት ስንመለስ አዲስ የውኃ መውረጃ ቱቦ ሲቀበር ካየ ቆሞ በክንዱ ይለካዋል፣ ሠራተኞቹም «ኢንጂነሩ መጣ» እያሉ ይስቁበታል። እኔ በበኩሌ ምን መሆን እንደምፈልግ አላውቅም ነበር። ምህንድስናን የመረጥኩት እሱ ስለመረጠው ብቻ ነው።

ያኔም ሁለት ፈተና ነበር። አንደኛው ማትሪክ የምንለው የሁሉም ፈተና ሲሆን፣ ሌላው አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የራሱን ተማሪዎች የሚመርጥበት ነው። ማትሪኩ ሰፊ ነው፤ ከባዮሎጂ እስከ ሥነ ዜጋ ሁሉንም ይነካካል፣ መልሱም ክብ በማጥቆር ብቻ ነው። የኮሌጁ ጠባብ ግን ጥልቅ ነው፤ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ንድፍ፣ ስሌቱም ከነሂደቱ ይጻፋል። ለአንዱ የሚያዘጋጅ ጥናት ለሌላው ብዙ አይረዳም። የጤፍ ጭድ ክምር ተደግፈን፣ ጭዱ ሹራባችን ውስጥ ገብቶ እየበላን፣ ከየትኛው እንጀምር በሚል ስንጨቃጨቅ ጋሽ በዳዳ ከክምሩ ጀርባ ሰሙን።

«በአንድ በሬ የሚያርስ ሰው አይታችኋል?» አሉ።

አላየንም።

«ታዲያ እናንተ ምን ይሉት ነው የያዛችሁት? አንዱ ወዲህ ይጎትታል፣ አንዱ ወዲያ። ተቀናጁ እንጂ! ፈጥኖ የሚዘራው ይቅደም፣ ከዚያ የዘገየው።»

መቀናጆ በዚያ አካባቢ የታወቀ ደንብ ነው። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን ያጣምሩና በመጀመሪያ የአንዱን ማሳ፣ ቀጥሎ የሌላውን ያርሳሉ። የኮሌጁ ፈተና ግንቦት መጀመሪያ ላይ ነው፣ ማትሪኩ ከዚያ በኋላ። ስለዚህ እስከ ፋሲካ ሁለታችንም የኮሌጁን፣ ከፋሲካ በኋላ ሁለታችንም ማትሪኩን ልናጠና ተስማማን። ዛሬ ድረስ በዚህ ምክር ውስጥ ስሕተት አላገኘሁም።

እንደዚያ ዓመት ተምሬ አላውቅም። ለንድፉ አንድን ነገር ከላይ፣ ከፊትና ከጎን አይቶ መሳል ያስፈልግ ስለነበር፣ ቶሎሳ የእናቱን ድንች እየጠረበ ደረጃ ያለው፣ የተቦረቦረ፣ ጥጉ የተቆረጠ ቅርጽ ይሠራና ፊቴ ያስቀምጥልኛል። ሁዳዴ ስለነበር ድንቹ ለወጥ ይፈለግ ነበርና እናቱ እትዬ ጫልቱ ሥዕሉ እስኪያልቅ ድስቱን ይዘው ይጠብቃሉ። «ዛሬ ምን ሠራችሁ?» ይላሉ። «መሰላል» ስንላቸው «መሰላሉን አቀብሉኝ፣ ሽንኩርቱ እያረረ ነው» ይላሉ። ጾሙን ሙሉ በዚያ ቤት የቀረበው የድንች ወጥ ጎንና ማዕዘን ነበረው።

አንድ ነገር ገባኝ ስለው ቶሎሳ አያምነኝም። ወረቀቱን ይገለብጥና «እሺ፣ አሁን እኔ ደደብ ነኝ፣ አስረዳኝ» ይላል። መልሱን ቀድሜ ከገመትኩበት ደግሞ ይናደዳል። «አንተ መልስ ነው የምትወደው፣ ሥራ አትወድም» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ቢሆንም ያ ልጅ አንድን ስሌት ከሥሩ ጀምሮ እየገነባ ሲወጣ ማየት ደስ ይል ነበር። እርሳሱ ከጥፍሩ እስኪያንስ ድረስ ይጽፍበታል።

የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ኮተቤ ባለው ትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ኮሌጁ በዚያ ዓመት የራሱን ፈተና አይሰጥም፤ ተማሪ የሚቀበለው በማትሪክ ውጤት ነው። ይኸው ነበር። አላመንኩም። ቶሎሳን ይዤ በታክሲ ኮሌጁ በር ድረስ ሄድኩ፤ በሩ ላይ ያንኑ ወረቀት አገኘነው። ዘበኛውን ብንጠይቃቸው «ልጆቼ፣ እኔም ያነበብኩት እናንተ ያነበባችሁትን ነው» አሉን።

ማታ ጋሽ በዳዳ ጉዳዩን ከእኛ አፍ ሰሙ። ጠየቁም፦

«ይህን የወሰነው ማን ነው?»

«አይታወቅም ጋሼ።»

«ስም የለበትም?»

«የለበትም። ማኅተም ብቻ ነው ያለው።»

«ታርሶ ካለቀ በኋላ ማሳው ቀረ የሚል ሰው» አሉ፣ «ስሙን ቢጽፍ ጥሩ ነበር።»

የቀረችን ጊዜ አጭር ነበረች። ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ለቶሎሳ አልከበዱትም፤ የከበደው እንግሊዝኛው ነው። ረጅሙን ምንባብ በልቡ ወደ ኦሮምኛ ይመልሰዋል፣ በአማርኛ ከእኔ ጋር ይከራከርበታል፣ ከዚያ ወደ ጥያቄው ይመለሳል። ብዙውን ጊዜ ትክክል ነው፤ ሁልጊዜ ግን ዘግይቶ ነው። ሒሳቡ ላይ ደግሞ ልማዱ አለቀቀውም። «እንዴት እንደደረስኩበት የት ነው የምጽፈው?» ይለኛል። አትጽፍም፣ ክቧን ብቻ አጥቁር እለዋለሁ። «ታዲያ እንደሠራሁት በምን ያውቃሉ?» አያውቁም። ይህን ከእሱ ጋር በተቀመጥን ቁጥር እንደገና እንነጋገረው ነበር።

ከፈተናው በፊት ባለው እሑድ እናቴና እትዬ ጫልቱ ተማክረው ጸበል እንድንጠመቅ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ላኩን። ከሌሊቱ ዝናብ የረጠበው የባሕር ዛፍ ቅጠል ከእግራችን ሥር ይንሸራተታል፣ ጸበሉ አጥንት ይሰብራል፣ ከፊታችንና ከኋላችን የተሰለፉትም አብዛኞቹ እንደ እኛ ተፈታኞች ነበሩ። ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ስንወርድ የእንግሊዝኛ ቃላት እየጠየቅሁት፣ እሱም እየመለሰልኝ፣ ሽሮ ሜዳ ደረስን። አንዲትም አልሳተም። መንገድ ላይ ሰዓት አልነበረማ።

ውጤቱ በመጣ ጊዜ እኔ የምህንድስናን የመግቢያ ነጥብ አለፍኩ። ቶሎሳ በጥቂት አነሰው። እንግሊዝኛውን አልጨረሰውም ነበር። ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ያጠቆርኳቸውን ክቦች ሳስብ፣ ከመካከላቸው የእሱ ድምፅ የሌለበትን ማግኘት ይቸግረኛል። ምደባው ሲወጣ እሱን ራቅ ያለ ክፍለ ሀገር ከብት እርባታ እንዲያጠና መደቡት። ጋሽ በዳዳ ዜናውን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ፦ «ከብት እርባታማ እኔ ዘንድ ነበረልህ።» ከዚያ ወደ በረቱ ሄዱና እስኪመሽ አልተመለሱም።

ከዚያ ወዲህ ያለው በአጭሩ ይህ ነው። እኔ ምህንድስናውን ጨርሼ ቢሮ ውስጥ ጥቂት ሠራሁና ወደ ጋዜጣ ተሻገርኩ። አንድም ድልድይ አልሠራሁም። ቶሎሳ በተመደበበት ተመርቆ እስካሁን በከብት ሐኪም ቤት የአስተዳደር ሠራተኛ ነው፤ ስንገናኝ ስለ ልጆች፣ ስለ ታክሲ ሰልፍና ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን። ማሳው ለቤቶቹ ግንባታ ተወሰደ። ጋሽ በዳዳ አርፈዋል። ጭዱ የተከመረበትን ቦታ ከሕሊና መስኮት ላይ ሆኜ ልለይ ሞክሬ አልቻልኩም፤ መኪና ማቆሚያው ይሁን ከሱ ወዲያ ያለው ብሎክ፣ የሚያረጋግጥልኝ ምልክት የለም። የጠፋውን ልለካ ብል የማውቀው መለኪያ አንድ ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ ፋሲካ ሁለት ልጆች ማንም ሊጠይቃቸው ያልፈለገውን ነገር በደንብ አውቀውት ነበር።

ያኔ የምህንድስናው የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴ ሲጀመር ንድፍ ክፍል ገባን። በየጠረጴዛው ላይ የተመደበው ተማሪ ስም ተለጥፏል። ከእኔ ቀጥሎ ባለው ጠረጴዛ ላይ የማላውቀው ልጅ ስም ነበር። ልጁ ሳይመጣ ሳምንታት አለፉ። መምህራችንን ስጠይቃቸው ልጁ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል ማግኘቱን፣ ምደባው ስለተዘጋ ግን በእሱ ቦታ ሌላ ተማሪ እንደማይገባ ነገሩኝ። ጠረጴዛው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ማንም አልተቀመጠበትም።