ሐጂ ኢድሪስ ድንጋዬን አልቀየሩም

ሐጂ ኢድሪስ ማረፋቸውን የሰማሁት ሽንፋ ላይ መኪና ስጠብቅ ነው። አላመንኩም፤ ድንበር ላይ ያደገ ሰው በስልክ የተነገረውን ሁሉ አያምንም። መተማ ደርሼ ሱቃቸውን በገበያ ቀን ተዘግቶ ሳየው ግን አመንኩ።

የምታውቋቸው ሁሉ ታስታውሳላችሁ፤ ከሱዳን የሚመጣ የጌጥ ድንጋይ ይሸጡ፣ የሰውንም ያጸዱ ነበር። ጠንካራውን ድንጋይ፣ አቂቁን፣ ውሃ ውስጥ ነክረው ያሹታል። ለስላሳውን በደረቅ ጨርቅ ብቻ። «ጥፍር የሚጭረው ድንጋይ ውሃ አይንካው» ይሉ ነበር። ለሶላት ሲታጠቡ የራሳቸውን የፊሩዝ ቀለበት እንኳ አውልቀው ኪሳቸው ይከታሉ፤ ውሃ በጠጣ ቁጥር ሰማያዊው ይሞታል ብለው። እኔ ግን ባየኋቸው ቁጥር «እኚህ ሰውዬ ምን ደብቀው ነው?» እል ነበር።

እናቴ ስትሞት የቀረኝ የአንገቷ ድንጋይ ነው፤ ነጭ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ። ሐጂ አጸዱልኝና ሲመልሱ «የጄሶ ዘመድ ነው፤ ውሃ እንዳታስነኪው» አሉኝ። ይሄኔ ጠረጠርኩ። ውሃው ምን ያጋልጥባቸው ይሆን? ሁለት ቀን ሙሉ በሳሙና ውሃ ዘፈዘፍኩት። ሳወጣው ደብዝዞ፣ እንደ ተላሰ ጨው ሆኗል።

ሱቃቸው ደጃፍ ቆሜ «የእናቴን ድንጋይ ይመልሱልኝ! ቀይረውታል!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ተሰበሰበ። እሳቸው ወደ ውስጥ አስገቡኝና መጋረጃውን መለሱ።

«ማሌሽ፣ ልጄ፣ ግድ የለም። ውሃ አስነካሽው?»

«አላስነካሁም!»

ክሩ የሚያልፍበትን ቀዳዳ በስንጥር ጎረጎሩት። የደረቀ ሳሙና ወጣ።

«ጠርጥሪ፤ ግን መጀመሪያ የገዛ እጅሽን» አሉኝ ቀስ ብለው። ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«ታዲያ ውጭ ላለው ሰው ለምን አላሳዩትም?»

«እንዲስቅብሽ? እኔን ሐሜት አያሟሟኝም።»

ስወጣ ለተሰበሰበው ሰው ምንም አልተናገርኩም። ወሬው ኮኪት ድረስ ሄደ፤ «ሐጂ ድንጋይ ይቀይራሉ» ተባለ። ዝም አልኩ።

የሞቱ ዕለት ከሱቁ በቀጥታ ቤታቸው ሄድኩ። ገላቸው ሊታጠብ ነው። ልጃቸውን በር ላይ ያዝኩት።

«ቀለበቱን አውልቃችኋል?»

«ዛሬም ትጠረጥሪያለሽ?» ብሎ መዳፉን ዘረጋ። ፊሩዙ እዚያ ነው። «ራሳቸው ናቸው ያወለቁት። ‹ያቺ ልጅ ሳትጠይቅህ አትቀርም› ብለውኛል።»

ሐጂ፣ አልቀየሩትም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁትም እኔ። ስጮህብዎ ገበያው ሁሉ ሰምቷል፤ ይቅርታዬን የሰማው መጋረጃው ብቻ ነበር። ይኸው አሁን ለሁሉም ጻፍኩት። አላህ ማረፊያዎን ያሳምርልዎ። ደብዛዛው ድንጋይ አንገቴ ላይ ነው፤ ፊቴን ስታጠብ አወልቀዋለሁ።